ሁለቱንም ሰዓት የሚጽፈው ማሽን

ባሌ በተቀበረ ማግሥት የሥራ ሸሪኩ ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ፣ «እንዴት ሞተ?» ብለው ለጠየቁት ሰዎች «የራሱን ስህተት ሊያርም ሄዶ ነው» ሲል ሰማሁት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ የሚለየን አንድ ሸራ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ዝቅ ተደርጎ የተነገረ ነገር ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ወደ እኔ ተመለሰ፤ ሲመለስ «ምን ይደረግ፣ የሠራው ነገር ተበላሽቶበት አይደል» የሚል ሆኖ ነበር። ያመጣችልኝ እጄን ይዛ የምታጽናናኝ ጎረቤቴ ናት። እጄን ነጠቅኋት።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ሐዘኔ አይደለም። ሐዘኔን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሊያሳጥርልኝ ስለሚፈልግ ለማንም አላሳይም። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው፤ ቶሎ ስጽፍ እሳደባለሁ።

የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ ከገፈርሳ ግድብ በዚህ ወገን። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። እሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ከሸሪኩ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ ነበረቻቸው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባሌ ነው፤ ደንበኛ የሚያመጣውና የሚያናግረው ሸሪኩ። ሸሪኩ አፉ ቅቤ ነው። ቤታችን እየመጣ ይበላ ነበር፤ ያበሰልኩትን ሁሉ ገና ሳይቀምሰው ያመሰግናል። ያኔም አልወደውም ነበር፤ አሁን ምክንያት ስላገኘሁ አይደለም።

ከሥራዎቻቸው አንዱ ሱሉልታ ነበር። ገበሬው ጠዋትና ማታ ወተት የሚያስረክብበት ጣቢያ አለ። ወተቱ ተመዝኖ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል፤ ማሽኑም ስንት ሊትር በስንት ሰዓት እንደገባ የሚናገር ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። ወረቀት ያልወጣለት ወተት ማቀዝቀዣ አይገባም። የማሽኑን ፕሮግራም የጻፈው ባሌ ነው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነበር የሚጽፈው፤ የጣቢያው ባለቤቶች የፈለጉት እሱን ነው። ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ጠዋት፣ አካባቢው ሁሉ በአክብሮት ኦቦ እያለ የሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ተቀብለው አልሄድም አሉ። ባሌ ያን ቀን ማታ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

«ይኼ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» አሉት።

«ሰባት ሰዓት ነው የሚለው፣ አባባ።»

«እኔ ያመጣሁት አንድ ሰዓት ነው። ፀሐይዋን እያት። እስከ ሰባት ሰዓት ወተቱን የት ደብቄው ነበር? ብብቴ ሥር?»

«የፈረንጅ አቆጣጠር ሆኖ ነው እኮ።»

«ላሚቱም የፈረንጅ ናት። የምትታለበው ግን በእኛ ሰዓት ነው።»

ከኋላ የተሰለፉት ገበሬዎች ሳቁ፤ ግን ማንም ከሰልፉ አልወጣም። ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ወተት ሲኮመጥጥ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ማን አዘገየው የሚል ነው፤ ጠዋት በአንድ ሰዓት የገባ ወተት ወረቀቱ ላይ ሰባት ሰዓት ከተባለ፣ ያዘገየው ገበሬው ሆነ ማለት ነው። ባሌ ሁለቱም ሰዓት ይጻፋል ብሎ ቃል ገባላቸው።

እንዴት እንዳደረገው በኋላ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር የትኛው አገር ሰዓት ላይ እንዳለ የሚያውቀው በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይይዝለታል። ባሌ ወረቀት በወጣ ቁጥር ቃሉን ይለውጥና ኮምፒውተሩን ለአንድ አፍታ ሌላ አገር ያለ ያስመስለዋል፤ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ አገር። ሰዓቱን ይጠይቀዋል፣ የእኛን አቆጣጠር ይሰጠዋል። ከዚያ ቃሉን መልሶ ወደ አገሩ ያመጣዋል። ለእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጊዜ መሄድ፣ አንድ ጊዜ መመለስ። ይህን ዓይነት ነገር ሊያስብ የሚችለው ቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት የሚጀምርለት አገር ሰው ብቻ ነው።

«ዝም ብለህ ስድስት ብትቀንስስ?» አልኩት።

«ብቀንስ ይሠራ ነበር። ግን ራሴ ከማሰላው ሲስተሙ ያስላው ብዬ ነው። ስታንዳርድ ነው ብዬ አምኜው።»

ማሽኑ ጥቂት ሰነባብቶ ይቆም ጀመር። ቀን በቀን እያዘገመ ይሄድና በመጨረሻ ወረቀት እምቢ ይላል። ፕሮግራሙን ዘግተው ሲከፍቱት እንደ አዲስ ይነሳል። ቆይቶ ግን ያው ነው። ባሌ ለወራት ምክንያቱን ፈለገ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የያዘው፦ በሁዳዴ ጾም ማሽኑ ቶሎ አይቆምም። ጾም ሲፈታ ይቆማል።

ሸሪኩ ቤታችን ተቀምጦ ሥጋ እየበላ ቀለደበት። «ማሽንህ ኦርቶዶክስ ነው። በጾም ይበረታል፤ ሲፈታ በልቶ ይተኛል።»

ባሌ አልሳቀም። በጾም ከተማው ወተት ስለማይገዛ ጣቢያው የሚቀበለው ይቀንሳል፤ የሚወጣው ወረቀትም ያንሳል። እንግዲያውስ ማሽኑን የሚያደክመው ቀኑ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ነገር ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው። ምን እንደሚጥል ነበር የቀረው።

ያገኘው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር። መጥቶ ወንበሩን አዙሮ ፊቴ ተቀመጠ።

«አገኘሁት» አለ።

«ምኑን?»

«የሚበላውን። ክፍልሽ ውስጥ አንድ ሰሌዳ አለ እንበል። ላዩ ላይ ‹ቤት› ተብሎ ተጽፏል። አንቺ ‹ቤተ መጻሕፍት› ብለሽ መጻፍ ፈለግሽ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«አጥፍቼ እጽፋለሁ።»

«ይኼ እንዳንቺ አይደለም። መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል ይለካል። አዲሱ ካጠረ ወይም እኩል ከሆነ እላዩ ላይ ይጽፋል። ከረዘመ አዲስ ሰሌዳ ያመጣል።»

«የድሮውስ ሰሌዳ?»

«እዚያው ይቀመጣል።»

«ሰሌዳው ሰፊ ቢሆንስ?»

«ሰሌዳውን አይለካማ! ቃሉን ነው የሚለካው። ሰፊ ሰሌዳ ላይ ‹ቤት› ተጽፎ ካየ፣ ሰሌዳው ‹ቤት›ን ብቻ የሚያህል ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ለአገራችን ያወጣሁለት ቃል አጭር ነው፣ ለዚያኛው አስመሳይ አገር ያወጣሁለት ረጅም። ወረቀት በወጣ ቁጥር አጭሩን ያጠፋል፣ ለረጅሙ አልበቃ ይለዋል፣ አዲስ ሰሌዳ። ክፍሉ በሰሌዳ ሞልቶ መግቢያ እስኪጠፋ ድረስ።»

ሰዎቹ ይህን ሜሞሪ ሊክ ይሉታል፤ የኮምፒውተሩ ትውስታ ያፈስሳል ለማለት ነው። ለእኔ ስሙ አልተዋጠልኝም። ምንም የሚወጣ ነገር የለም፤ ችግሩ አለመውጣቱ ነው።

«ደደብ ነው» አልኩት።

«ደደብ አይደለም፤ ጥንቁቅ ነው። ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ተማሪ የድሮውን ቃል ገና እያነበበ ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ ማን እያነበበ እንደሆነ አያውቅም። ቃሉን አንድ ጊዜ ያሳየው ሰው ካለ አይነጥቀውም። አውቀው ነው እንደዚያ የሠሩት።»

«ስታንዳርዱስ ምን ይላል?»

«ቃሉ ይቀየር ይላል። የድሮው የያዘው ቦታ ይመለስ አይልም።»

«እንግዲያው ስህተቱ የማነው?»

ትንሽ አሰበ። ሲያስብ የግራ ጆሮውን ይዳብሳል። «የእኔ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ፣ ፈንክሽን የምንለው፣ መመሪያ አለው፤ የዚህኛው ግርጌ ላይ ‹ጉድለት› ብለው ጽፈውታል። ቃሉ እየረዘመ ከተለወጠ ቦታ ይባክናል፣ ከዚህ ማምለጫ የለውም ብለዋል። ሰዎቹ አልዋሹም። እስከ ግርጌው ሳላነብ የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ።»

ማስተካከያው ምን እንደሆነ ስጠይቀው አፈረ። ሁለቱን ቃላት እኩል ማድረግ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ወር ለዚህች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አስተካክሎ፣ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ወረቀት ያወጣ እያስመሰለ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አሳደረው። ጠዋት እኔን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኘኝ ማሽኑ ምንም አልከበደውም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎት።

በሳምንቱ ሸሪኩ እራት ሊበላ መጣ። ባሌ ነገረው። እኔ ማዕዱ ላይ ነበርኩ፤ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ማንም ሊያስተባብለኝ አይችልም።

«ጎበዝ! ግን አሁን አንነካውም» አለ ሸሪኩ።

«ለምን?»

«ተረክበውናል እኮ። ተፈርሟል። በየጠዋቱ ከቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት ገብተህ ዘግተህ ትከፍተዋለህ። ምን ቸገረህ?»

«እስከ መቼ?»

«ስማኝ። ለደንበኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ችግር ነው፣ የውጭ ሰዎች የሠሩት ነው ብያቸዋለሁ። አሁን ሄደን አስተካከልነው ካልን የእኛ ነበር ማለት ነው።»

«የእኛ ነው እኮ።»

«አንተ የንስሐ አባት ፈልግ። ደንበኛ ፊት ንስሐ አይገባም።»

ባሌ እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርስ አስቀመጠው። ከዚያም ፈቃድ ሳይሰጠው እንደማይጭነው ነገረው፤ ሥራቸው እንደዚያ ነበር፣ አንዱ ያልተስማማበትን ሌላው አይጭንም። ይህን ሕግ ያወጣው ባሌ ራሱ ነው። በየጠዋቱ ፊቱን ሳይታጠብ ኮምፒውተሩን ይከፍትና የሱሉልታውን ማሽን ዘግቶ ይከፍተው ጀመር። ላሞቹ ሳይታለቡ መድረስ አለበት። ላም አላቢ ሆንኩ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። የከተማው ካርታ ወደ እኛ ይሰፋል ተባለ፤ ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ካርታው ውስጥ ገቡ ተባለ። ሽማግሌው ባሌን ስልክ ላይ «ከተማችሁ ወተቴን ጠጥቶ ጠግቦ፣ አሁን ሣሩን ሊበላ መጣ» ብለውት ነበር። ወጣቶች ተቃውመው መንገድ ይዘጋሉ፤ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ትምህርት ቤታችን ተማሪ በሌለበት ይከፈታል። በጠዋት ድንጋይ የተደረደረበትን አስፋልት ከሰዓት በኋላ ወታደር ያጸዳዋል፤ በማግሥቱ ያው ድንጋይ ይመለሳል። ከዚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰዎች ፌስቡክ አጣን ብለው ያማርራሉ። እኔ ቤት ውስጥ የማየው ሰው ግን በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የማይከፈት ገጽ ያያል። ሱሉልታ ያለውን ማሽን ሠራተኞች እንዳይነካኩት ሸሪኩ በብረት ሳጥን ቆልፎበታል፤ አንዱ ቁልፍ እሱ ጋ ነው፣ አንዱ ባሌ ጋ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም ደግሞ ባትሪ አለው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንኳ እንደ አዲስ አይነሳም ነበር።

ሽማግሌው ደወሉ። ባሌ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ፤ ኦሮምኛውን ከእሱ ይልቅ እኔ እሰማለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው።

«ማሽንህ ተኛ» አሉ።

«ወተቱስ?»

«ደፋነው። ትናንት ማታ ደፋን፣ ዛሬ ጠዋት ደፋን። መዛኟ ያለ ወረቀት አላስገባም አለች፤ ምን ታድርግ፣ በኋላ እሷን ነው የሚይዟት። ላሚቱ ኢንተርኔት መጥፋቱን አታውቅም። ጡቷ ሲሞላ ትጮሃለች።»

ባሌ ለሸሪኩ ደወለ። ሸሪኩ መኪና አለው፤ ቁልፍም አለው። «መንገዱ ይረጋጋ» አለው። «ወተት እኮ ነው፣ ሰው አይደለም።»

«እንግዲያው እኔ ልሂድና ማስተካከያውን ልጫነው?» አለ ባሌ።

«እንደ ፈለግህ» አለው ሸሪኩ። እነዚህን ቃላትም ሰምቻለሁ።

ማስተካከያውን በፍላሽ ገልብጦ፣ ቁልፉን ጃኬቱ ኪስ ከቶ ሄደ። በአስኮ አድርጎ እስከ አዲሱ ገበያ በሚኒባስ ሄደ። ከዚያ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አንድ ሚኒባስ አገኘ። ከአቀበቱ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሾፌሩ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ተመለሰ። ባሌ ከሌሎች ሰዎች ጋር በእግሩ ቀጠለ። ከፊት ተኩስ ተሰማ። አንድ የጭነት መኪና ደንግጦ ለመዞር ወደ ኋላ ሲመለስ መንገድ ዳር የቆሙትን አላያቸውም። ሌሎቹ ዘለሉ።

የቀበርነው ሰበታ ነው፤ አባቱ ጎን። ድንኳኑ ግን ቡራዩ ነበር፤ ሁሉም መጣ፣ ሁሉም ሞቱን ለራሱ ይዞት ሊሄድ መጣ። አንዱ መንግሥት ነው የገደለው እንድል ይፈልጋል። አንዱ መንገድ የዘጉት ወጣቶች ናቸው እንድል ይፈልጋል። አንዱ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ጠይቆ፣ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ፤ ሒሳቡ እንደተስተካከለለት ሰው። የገደለው አንድ የደነገጠ ሾፌር ነው። ይህን ስናገር ሁሉም ቅር ይለዋል። የእድሩ ሰዎች እንኳ ቅር አላቸው።

ሽማግሌው ከሱሉልታ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር መጡ። በእርሳቸው ዕድሜ ያን መንገድ እንዴት እንደመጡት አልነገሩኝም። የሸሪኩን ዓረፍተ ነገር የሰሙት እዚያው ተቀምጠው ነው። ሲወጡ እኔ ጋ መጥተው ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የጠራነው እኛ ነን። አሁን ደግሞ ስህተቱ የእሱ ነበር ይላሉ። ስሙን እንዴት ብለን እናንሳው? ወተታችንን ያስደፋን ሰው ብለን ነው? ወይስ ለወተታችን የሞተ ሰው?»

«እመጣለሁ» ብቻ አልኳቸው።

ሸሪኩ የተናገረው ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ውሸት አይደለም። ስህተቱ የባሌ ነበር፤ በራሱ አፍ ነግሮኛል። ግን አግኝቶታል፣ አስተካክሎታል፣ አትጫነው ተብሏል። ይህ ሁሉ የት ገባ? በሕይወት ሳለ ስህተቱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነበር፣ የውጭ ሰዎች የሠሩት ነበር። ሲሞት የእሱ ሆነ። ጥፋትን ሬሳ ላይ መጫን ፈረንጅ ላይ ከመጫን ይቀላል፤ ሁለቱም አይመልሱም፣ ግን ሬሳው ቅርብ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ሸሪኩ መጣ። ተቀመጠ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ፎቶውን አየ። ምንም አላቀረብኩለትም።

«እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ? ቀስ በቀስ መርሳት ነው እንግዲህ።»

«ለምን መጣህ?»

«ለመጠየቅ ነው እንጂ…»

«ለምን መጣህ?»

ፍላሹን ፈልጎ ነው የመጣው። ማሽኑ አሁንም ይቆማል። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም፤ እሱ ራሱ መኪናውን እየነዳ ሱሉልታ ድረስ መመላለስ ሰልችቶታል። ፕሮግራሙን ከፍቶ አይቶታል፤ ግን ባሌ የነገረውን ያን ቀን እየበላ ስለነበር አላስታወሰውም። ፍላሹ እኔ ጋ ነው። ሆስፒታሉ በፌስታል ከሰጠኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ ከቁልፉ ጋር።

«እሰጥሃለሁ» አልኩት። «በጠዋቱ የወተት ሰዓት፣ ሱሉልታ፣ ገበሬዎቹ ፊት ትጭነዋለህ። ምን እንደነበረም ትነግራቸዋለህ።»

«ለእነሱ ምን ያደርግላቸዋል? አይገባቸውም እኮ።»

«አንተ ንገራቸው።»

«ኦሮምኛ አልችልም።»

«እኔ አስተረጉምልሃለሁ።»

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። በዚያ መንገድ ሊያመልጥ እንደሚችል ያሰበ መሰለኝ።

በመኪናው ሄድን። እንጦጦን ተሻግረን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ መናገር ጀመረ፤ ስለ ብርዱ ነው የተናገረው። እኔ መስኮቱን ነው የማየው። ቦታውን አላውቀውም፤ ማንም አላሳየኝም፤ ስለዚህ መንገዱን ሁሉ አየሁት።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። በአህያ የመጣ አለ፣ በትከሻ የመጣ አለ። ሽማግሌው ከሁሉም ፊት ናቸው። ተነሡልኝ።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ነጋ። አካም ቡልተን?» አልኳቸው፤ ሰላም ነው፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ።

ሸሪኩ ሳጥኑን ከፍቶ ፍላሹን ሰካ። ያለው ሥራ አጭር ነበር። ሲጨርስ ቁልፉን እያገላበጠ ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ ፈገግ አለ፤ ያን የደንበኛ ፈገግታውን።

«እንግዲህ አባቶች፣ ሲስተሙ ላይ አንድ የቴክኒክ ስህተት ነበረ። ሟች ወንድማችን ሳያየው ያለፈው ነው፣ ነፍሱን ይማር። አሁን ድርጅታችን አስተካክሎታል። በይ ንገሪያቸው።»

በኦሮምኛ እንዲህ አልኳቸው። ባሌ ተሳስቶ ነበር። ስህተቱንም ራሱ አገኘው፣ ራሱ አስተካከለው። ዛሬ የገባው የእሱ ማስተካከያ ነው፣ በኪሱ ይዞት ወደ እናንተ ሲመጣ ነው የሞተው። ማስተካከያው እሱ ከመሞቱ በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። ይኼ ሰው አይጫን አለ፤ የቤቴን እንጀራ እየበላ ነው ያለው። መኪና ነበረው፣ ቁልፍ ነበረው፣ መንገዱ ይረጋጋ አለ።



ሸሪኩ እኔንና እነሱን ይመለከታል። «ረዘመሳ?» አለ፤ ሊቀልድ።

አህያ ላይ ያለው የወተት ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚናገረው በሚመስል አማርኛ፣ እንዲህ አሉት፦

«የአንተንም ሰማን፣ የእሷንም ሰማን። እኛ ከተማ ወተት ስንሸጥ ነው ያረጀነው፤ ሁለቱም ቋንቋ ይገባናል። የትኛውን እንያዝ?»

የሸሪኩ ፊት ቀላ። እኔን አየኝ። ሊጠይቀኝ ነው የሚመስለው፣ እንድረዳው። አላገዝኩትም። መዛኟ እንኳ ሥራዋን አቁማ በመስኮቱ ትመለከታለች።

«የትኛውን?» አሉት ሽማግሌው እንደገና፤ አልተቆጡም።

«የእሷን» አለ።

«ምን አልክ? ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

«የእሷን ያዙ። እሷ ያለችው ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቃቸውን አንሥተው ለመዛኟ አቀበሉ። ማሽኑ ተንጠራርቶ ወረቀቱን አወጣ፦ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰባት ከሩብ። ሽማግሌው ወደ ሰማይ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና «ልክ ነው» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ከኋላ ያለው ሰው «ጥጋቡን ተውና ዞር በል፣ ላሞቹ ይጠብቁኛል» ብሎ ሸሪኩን በክርኑ ገፋ አድርጎ አለፈ።

ፍላሹን ነቅዬ ያዝኩ። ሸሪኩ ልመልስሽ አለኝ። በአደባባይ ያዋረድኩት ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስለ ብርድ ማውራት አልፈለግሁም፤ በሚኒባስ ተመለስኩ። ሲሰናበተኝ እጁን ዘረጋ። እጁ በአየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ኪሱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም። ማሽኑ ይሠራል፤ ወተቱን የምትመዝነው ሴት አልፎ አልፎ ደውላ ትነግረኛለች፣ ስለ ወተቱ ትጀምርና ስለ ልጆቿ ትጨርሳለች። ቡራዩ ውስጥ «ይበቃል፣ አውልቂው» የሚሉኝ አሉ፤ ጥቁሩን ልብስ ማለታቸው ነው። ባሌ ስለ ሰሌዳው እንዳለኝ፣ «ማን እያነበበው እንደሆነ አታውቁም» እላቸዋለሁ። አይገባቸውም፤ እንዲገባቸውም አላስረዳም።

ሱሉልታ ላይ አሁን «የራሱን ስህተት ሊያርም ሄዶ» የሚል ሰው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዚያች ጠባብ ቢሮ፣ ምን እንደሚባል አላውቅም። አልጠየቅሁም።